በዜሮና በሰባት መሐል

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጆሮዬን ያከራየሁ፣
ከጅማ ቴሌ ቤት ሰው ከሰው ያገናኘሁ፣
አሰገደች ነኝ፤ ጡረታዬን ይዤ ቤቴ ተቀምጫለሁ።
ማዳመጫው ፀጉሬ ላይ ያሰመረው
መስመር አለ፤ እስከ ዛሬ ሻሽ ነው የሚሰውረው።

ያኔ ጅማ ዜሮ ሰባት ነበረች፤
እንደ ሰፈር ልጅ ስም ለአፍ የማትከብድ፣
ጣት በጨለማ እንኳ የሚያውቃት መንገድ።

አርብ ከሶላት በኋላ ሩቂያ አባ ፊጣ
ትመጣለች፣ ወረቀቷን ከመቀነቷ ጫፍ ፈትታ፤
ካቢን ሦስት ትገባለች፣ ነጠላ ጫማዋን በር ላይ ትታ።
"መስጊድ እኮ አይደለም" ብላትም አትሰማኝም።

ከአሰብ በወጣ መርከብ ላይ ወንድሟ ነዚፍ ወጥ ቤት ነበረ፤
ታሞ አወረዱት፤ መርከቡ ሄደ፣ እሱ አግብቶ እዚያው ቀረ፤
ማዮት በምትባል ደሴት።
አራት እህትማማቾች ናቸው፣ በአንድ ኮድ የሚጠሩ፣
ሁለት መቶ ስልሳ ዘጠኝ።
ሦስቱ የራሳቸውን ባንዲራ ሲያቆሙ፣ ጎጆ ሲሠሩ፣
አንዷ ከፈረንሳይ ጋር ቀረች። ኮዱን ግን አልተካፈሉም፤
ባንዲራ ሲለያይ ስልክ ወዲያው አይለይም።

መስከረም ዘጠና ስምንት ቴሌ ቁጥር ጨመረ።
ጅማ ዜሮ አርባ ሰባት ሆነች፤
አጋሮን፣ ቦንጋን፣ መቱን፣ ጋምቤላን ሳይቀር
በአንድ ጃንጥላ ይዛ።
ሩቂያ እስክሪብቶዬን ተውሳ፣ በዜሮና በሰባት መሐል
አራትን ሰነቀረቻት፤
ባጃጅ ውስጥ እንደገባ ትርፍ ሰው በጎን አስቀመጠቻት።
"ለነዚፍ እነግረዋለሁ" አለች።

አልነገረችውም። ዝናቡ ጊቤ ማዶ ምሰሶ ጣለ።
ጅማ ባሕር የላትም፤ ግን ሽቦዋ ሲበጠስ፣
አዌቱ ከአልጋው ወጥቶ መንደር ለመንደር ሲፈስስ፣
ደሴት አይደለሽም የሚላት ማነው?
መስመሩ ሲጠገን ባሏ አልጋ ያዘ፤
የስልኩ ብር መርፌ ገዛ።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ተመለሰች፤ ከል ለብሳለች።
ካቢን ሦስት። ጫማ በር ላይ።
ቁጥሩን መታሁት፤ አንዲት የማላውቃት ሴት በፈረንሳይኛ
ደግማ ደጋግማ የሆነ ነገር አለችኝ፤ እንደ ውኃ።
ሩቂያ በመስታወቱ ታየኛለች።
"ሞቷል ማለቷ ነው?"

መሳቢያዬን ገለበጥኩ። ከደረሰኝ ጥራዝ ሥር
ማንም ያልፈረመበት አንድ ሰርኩላር፤
ማዮት ከእህቶቿ ተነጥላ፣ ባሕር ተሻግራ፣
ሁለት መቶ ስልሳ ሁለት ገብታለች፣ ከሬዩኒየን ጋራ።
አሮጌው ኮድ ግን አልተጣለም፤
ከአዲሱ ኋላ ተሰልፏል፣ ከነዚፍ ቤት ቁጥር ፊት፣
እንደ አያት ስም።
እንደኛዋ ሰባት።

ጠራ።
እዚያ በኩል ትንፋሽ፣ የዶሮ ጩኸት፣ ከዚያ ድምፁ፦
"ሩቂያ? የጎረቤታችሁን ሱቅ ስደውል ስደውል... አይገባም።
ጅማ ምን ሆና ነው የጠፋችው?"

"አልጠፋችም" አለች፤ መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ፣
"አራት ጨምረውባት ነው።"

የዚያን ቀን ሒሳብ ሦስት ደቂቃ ብዬ ጻፍኩ።
ስንት እንደነበር እኔና ሰዓቱ እናውቃለን።