ውሃ ልክ

ከዚራ፣ ከጣቢያው ጀርባ፣ ኒሙ ካዘመመበት፣
አባቴ ትቶልኝ የሄደው የድንጋይ ቤት፤
ፐርስያናው ጥርሱ የረገፈ፣ ልስኑ የላላ፣
በሩ ዕድሜውን ሙሉ ወደ ግራ ያደላ።
ልጅ ሳለሁ እስቅ ነበር በዚያ በር መዝመም፤
"አባዬ፣ በራችን ሰክሯል?" ስለው፣ ፈገግ ብሎ ዝም፤
የትኬት መብሻውን ምስማር ላይ ይሰቅላል፤ ቃል አይወጣውም።

እኔ ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ጂኦሜትሪ፣
ቀጥ ያለውን ከጠማማው ስለይ የኖርኩ በዲግሪ፣
ግንበኛ ልጥራ? እጄስ ለምን ነው? ምን ያንሰኛል?
መስመር ማስመር የቻለ ሰው ግድግዳ ያቅተዋል?

ታይዋን ወረድኩ ቅዳሜ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፤
መዶሻ፣ ካቻቢቴ፣ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት ሸመታ፤
ከሁሉም ከሁሉም ግን ልቤን ወስዶት የቀረ፣
ውሃ ልክ፣ በመስታወት ሆዱ አንዲት አረፋ ያሰረ።
ሦስት መቶ ሰማንያ ብር። ደረሰኙን ኪሴ ወሸቅኩት፤
ዕቃውን ግን እንደ ዲፕሎማ በብብቴ ያዝኩት።

መጀመሪያ ግድግዳው። የላላውን ልስን ቀርፌ፣
በደቻቱ አሸዋ ሲሚንቶ አቡክቼ ለጥፌ፣
ማንኪያው ሸርተት እያለልኝ፣ ኮርቼ ተኛሁ ሌሊቱን፤
ጠዋት ግድግዳዬ መስሏል የበጋ ደቻቱን፤
ስንጥቅ በስንጥቅ ላይ፣ ግማሹም ወለል ላይ ወድቆ።
ሮብሌ በአጥር አየና፣ ከት ብሎ ስቆ፦

"የጌጡ ልጅ፣ ድንጋዩን ውሃ አጠጥተሽዋል?
በድሬ እኮ ግድግዳም እንደ ሰው ይጠማዋል።
በደረቁ ከለጠፍሽ፣ ልስንሽን ይመጠዋል።"

(ሮብሌ ድሮ ለሐዲዱ ድንጋይ ይጠርብ ነበር፤
አሁን ሽርጡን ሰብስቦ ይውላል ከአጥሬ ዳር።)

መስኮቱን ስፍቅ፣ ከአረንጓዴው ሥር ሰማያዊ፣ ከሱ ሥር ቢጫ፣
ከሁሉም ሥር ደግሞ የምድር ባቡር፣ የፉርጎ ግራጫ።
አባዬ! አንተ፣ በሐቀኝነት ሰፈር የሚምልብህ!
በስንተኛው ማታ ይሆን ቀለሙን በጣሳ የጠለቅህ?

ከዚያ በሩ። ልቤ የቆየው ለሱ ነበር፤
ዕድሜዬን የሳቅኩበትን ላቀናው ያንን በር።
ብሎኑን ፈታሁ። ከላይኛው ማጠፊያ ሥር፣ ከእንጨቱ መሃል፣
አራት የታጠፈ ካርቶን፤ ዝገት በልቶት ቀይ ሆኗል።
ትኬት ነው። ሦስተኛ ማዕረግ፣ ከድሬ እስከ ኤረር፤
የተበሳ፣ ያለፈበት። "ቆሻሻ" ብዬ ወረወርኩት ከአጥር።

ውሃ ልኬን አስጠጋሁ። አረፋዋ ዋኝታ ዋኝታ፣
ከሁለቱ መስመር መሃል ስትቆም ረግታ፣
በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ልክ ሆኜ አላውቅም።
አጠበቅሁ። ገፋሁት።
አይዘጋም።

በትከሻዬ ገፋሁ። ረገጥኩት።
ከላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት፣ ከታች ወለሉን ይፍቃል፤
ቀጥ ያለ፣ የተማረ፣ ልክ የሆነ በር፣ አልዘጋም ይላል።

ሮብሌ ገባ። ምንም አላለም። ውሃ ልኬን ወሰደ።
ወለሉ ላይ አስተኛው፤ አረፋዋ ወደ ግራ ሄደ፤
ደፉ ላይ፤ ወደ ግራ።
መስኮቱ ላይ፤ ወደ ግራ።

"ባቡሩ እስኪቆም ድረስ፣ በየሌሊቱ ሲንቀጠቀጥ፣
ትንሽ ትንሽ ተቀመጠ ቤትሽ፣ ሽማግሌ እንደሚቀመጥ።
አባትሽ በሩን ሲሰቅል ጠየቀው ቤቱን፤
አንቺ የጠየቅሽው ግን ይችን ብልቃጢቱን።"

ያቺን ትኬት ፈለግኋት፣ ጥራጊ ለጥራጊ፣ እስኪመሽ፤
"ፍየሌ በልታት ይሆናል" አለ ሮብሌ፣ "ምን ያደርግልሽ?"
ኪሴን ስዳብስ ደረሰኝ። የውሃ ልኩ፣ የታይዋኑ።
አራት አጠፍኩት። ከማጠፊያው ሥር፣ ከድሮው ሽንቁር ገባ በልኩ፤
ጠማማ አድርጌ አጠበቅሁ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ።

በሩ ወደ ግራ አዘነበለ።
ቀጭ።

ሮብሌ ሽርጡን ሰብስቦ ወደ ጥላው ተመለሰ።
እኔም ጆኩን አንሥቼ
ግድግዳዬን ላጠጣ ሄድኩ።