የታችኛው መደርደሪያ

ሱቄ ፒያሳ ነው፣ ከፖስታ ቤት ዝቅ ብሎ፣
ጣሊያን የሠራው በር፣ ግማሹ ተፍቆ ግማሹ ተስሎ፤
መስታወቴ ሰፊ፣ ባለ አምስት ደርብ፣
ላዩ የዱባይ ነው፣ ዓይን የሚስብ፣
ክዳኑ ወርቅማ፣ ስሙ የማይነበብ፤
"ኦርጅናል ነው" እያልኩ የምምልበት፣
"እውነት ወይ?" ሲሉኝ ጣሪያ የማይበት።

ከታች፣ ከእግር ዘንድ፣ ከጫማ ቀለሙ ጋር፣
ከሻማው፣ ከምላጩ፣ ከክብሪቱ ዳር፣
አረንጓዴ ጠርሙስ፣ የሎሚ ኮሎኝ፣
አቧራዋን እንኳ መጥረግ የሚሰለቸኝ።
ወረቀቷ ላይ አንዲት መርከብ ተስላለች፤
በቀሃ ይሁን ባንገረብ፣ በየት ቀዝፋ መጣች?

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከገበያው መልስ፣
ጋሽ ማንደፍሮ ይመጣል፣ ኮት ለብሶ፣ ቀስ ቀስ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትኬት የቆረጠ፣
የመተማን አቧራ በኮቱ የመጠጠ።
"ስንት ነው?" ይለኛል፣ ዋጋው ሳይጠፋው፤
"ያው ነው" እለዋለሁ፤ እሱም "ያው ነው፣ ያው"።
ከመሐረቡ ፈትቶ፣ ብሩን አስተካክሎ፣
እዚያው ባንኮኒዬ ክዳኗን ነቅሎ፣
መዳፉ ላይ ጠብ፣ ጠብ፤ ጉንጩን ጥፊ፣ ጥፊ፣
ራሱን እንደሚቀጣ ትንሽ አጥፊ።
ሱቄ ሎሚ ሎሚ፣ ስፒርቶ ስፒርቶ ሸቶ፣
ያ ሁሉ ባለ ወርቅ ካፉ ቃል ጠፍቶ።

"ጋሼ" አልኩት አንዴ፣ "ይሄን ሞክርልኝ።"
አሸተተ። ቆየ። "ማነው ይሄ?" አለኝ።
"ሽቶ ነው" ብለው፣ "ሽቶስ ነው" አለ፣
"ሰውየው ማነው ግን? ባለቤት የሌለ!
እንግዳ ነው ይሄ፤ ይዤው ቤት ብገባ
ውሻዬ ይነክሰኛል፤ ሚስቴ ትጮሃለች፦ 'ሌባ!'"

ጌታሰው ባለባጃጅ የላይኛውን ገዝቶ፣
"አዘዞ ሳልደርስ ተነነ" አለኝ፣ ተቆጥቶ።
ምን ልመልስለት? ነፋሱን ወቀስኩ፣
"ባጃጅህ በር የለው" ብዬ አላገጥኩ።
ያቺኛዋን ግን መልሶ ያመጣ የለም፤
ጸጉር ቆራጩ እንየው በየወሩ ሦስት፣
የሒሳብ መምህሩ፣ በፈተና ሰሞን፣ ለራስ ምታት፣
አንድ ወታደር ደግሞ፣ አንድ ጠብታ፣ ለደብዳቤው ወረቀት፤
ስም የላትም፤ ሁሉም "ያቺን" ነው የሚሏት።

ክረምት ገባ። ሁለት ቅዳሜ አለፈ፣
ሦስት። ክዳኗ ላይ አቧራው አረፈ።
ጥቁር ለብሳ መጣች ልጁ በአራተኛው፣
ጃንጥላዋን ሳትዘጋ ቆመች ከደረጃው።
"ነፍስ ይማር" ለማለት ምላሴ ዘገየ፣
ዓይኗ ከላይ ጀምሮ እስከ ታች ድረስ አየ።
"ያቺን" አለች፣ "አረንጓዴዋን፣ መርከብ ያለባትን።
ኮቱ እንደተሰቀለ ነው፤ እማዬ አላነሳችውም።
ማታ ማታ ፊቷን ቀብራበት ታወራዋለች፤
ትናንት ግን ከጓዳ ወጣችና እንዲህ አለች፦
'ኮቱ መርሳት ጀመረ።'"

ጠርሙሷን ጠረግኩ፣ በእጅጌዬ።
"ስንት ነው?" አለችኝ።
"ያው ነው" አልኳት።
"ያው ነው፣ ያው" አለች፤ እንጃ ማን እንዳስተማራት።

አከፋፋዩ ካዲስ አበባ ደውሎ፣
"ይቺን ዕቃ ተዋት፣ ትርፍ የላትም" ብሎ፣
አሰላልኝ በብር፣ በሳንቲም፣ በኪሎ።
እውነቱን ነው፤ ትርፏ ለሻይ አይበቃም።
"ሁለት ካርቶን ላክ" አልኩ። ለምን ቢለኝ፣ እኔም አላውቅም።

ዛሬ ማታ መብራት ጠፋ፣ እንደልማዱ፤
ግንቡም ዋርካውም ጠፉ፣ ከነመንገዱ።
ጎንበስ ብዬ ሻማ በእጄ ስዳስስ፣
ጣቴ የገባችው ያቺው ናት፣ ያቺ ጠርሙስ።
ማን ያየኛል ብዬ ክዳኗን ነቀልኩ፤
መዳፌ ላይ ጠብ፣ ጠብ፤ ጉንጬን ጥፊ፣ ጥፊ፤
ጠዋት ምላጭ የነካው ቦታ ተለበለበ።

ከጨለማው አንድ ሰው፣ መርዶው ያልደረሰው፣
ደጄ ላይ ቆም ብሎ አየሩን ቀመሰው፤
"ጋሽ ማንደፍሮ፣ እንዴት አመሸህ?" አለ።
ድምፄን ወፈር አርጌ
"እግዜር ይመስገን" አልኩት። መንገዱን ቀጠለ።