የጊዜ ዳግም ዘር

እኔ ቀመር አላውቅ፤ የምድር ቤት ሰው ነኝ፣
ከጋን ወደ ገንቦ ብርድ ቅዳ ያሉኝ።
ጠጅ አይደል፣ ወይን አይደል፤ የምቀዳው ሂሊየም፤
ጣት ከገባበት፣ ጣት የለም።
ከፍጹም ዜሮ በላይ አራት ዲግሪ ሆኖ
ያፏጫል ከአፉ ላይ፣ በነጭ ጉም ተከድኖ።
ቸርኖጎሎቭካ ነው፣ ከሞስኮ ወዲያ ማዶ፤
ከበርች ዛፍ በቀር ያለው በረዶ ነው፣ በረዶ።

ታይሲያ ግሌቦቭና፣ ቲዎሪ ጸሐፊዋ፣ ከሦስተኛው ፎቅ
ማታ ማታ ትወርድ ነበር፣ ፓምፑ ሲያጉረመርም፣ ሰው ሲርቅ፤
ሻይዋን በብርጭቆ፣ ሹራቧን ደራርባ።
ከምድጃ ወደ ውርጭ ሰው ምን ቆርጦት ይገባ?

"ብረቱ ሲበርደው ምን ያገኛል?" አልኳት አንድ ቀን።
"ዛሬ ስትመጣ፣" አለች፣ "ከፊትህ ማን ነበረ? ማን
በረዶውን የረገጠ?" "እንጃ፤ አላየሁትም፤
በዱካው ገባሁ እንጂ መልኩንም አላውቅም።"
"ይኸው ነው፤" አለችና ውርጩ ላይ በጣቷ
ጉድጓድ ጉድጓድ ነካች። "አንዷ ኤሌክትሮን፣ ፊቷ
ያለውን አቶም ስባ፣ አጎድጉዳው ስታልፍ፣
ሌላይቱ በዚያ ዱካ ትከተላለች ሳታርፍ።
አልተያዩም። ዱካ ነው ያጋባቸው።
ጥንድ ስልህ ደግሞ ክንድ ለክንድ አይምሰልህ፤
በሁለቱ መሐል ባዕድ ይሞላል፣ ሺህ፤
ሺው ባዕድም ጥንድ አለው፣ የእሱም ጥንድ ሌላ ዳር፤
እንዲህ ተጠላልፎ ነው ሁሉ አንድ የሚያድር።"

ባሏን አሰብኩ ያኔ። ሮዲዮን፣ ሳይቤሪያ፤
እሱ መለኪያ ላይ፣ እሷ ቀመር ላይ፣ ወዲህና ወዲያ፤
ባቡር ሁለት ቀን ተኩል። በየወሩ አንድ ፖስታ።
ልጅ አልወለዱም።

ባዶ የሻምፓኝ ጠርሙስ ይዛ፣ የአዲስ ዓመት ለት፣
(እንግዳው ከላይ ሲዘፍን) አንዲት አተር ጣለችበት።
"ቂጡን እይ፤ መሐሉ ጉብታ፣ ዙሪያው ቦይ፤
አተሯ ቦዩን ብትዞረው ወጪ አላት ወይ?"
"የላትም።" "ኤሌክትሮን ግን ሙል አላት፤
በነጻ አትዞርም፤ ዙረቱ ሰማይ ድረስ ወጣባት።
የቀረው ግድግዳውን መውጣትና መውረድ፣
ጥንዱ ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ሲሰፋ፣ ሲጠብ፣ እንደ ሆድ።
ብርሃን አያየውም። ድምፁም ከአፋፍ ነው፣
ከክፍተቱ እጥፍ ላይ፤ ጥንድ የሚበጠሰው
እዚያው ነው፣ በዚያው ልክ።"

በመጋቢት ቴሌግራም። የሮዲዮን ልብ።
ያለ ሻይ ወረደች። እኔ ቃል ጠፍቶኝ፣ ሳስብ ሳስብ፣
"ያ ንዝረት፣" አልኳት፣ "ያ ያልሽኝ፣ እንዴት ነው የሚሞት?
እንደ ሻማ ነው? ድፍት?"

ሂሊየሙ አፏጨ።

"እንደ ሻማ አይደለም። በጊዜ ዳግም ዘር
ተካፍሎ ነው የሚያንስ። አራት እጥፍ ብትቆጥር
ግማሹ አለ። መቶ እጥፍ ብትቆጥር፣ ካሥር አንዱ።
ደግሜ አስልቼዋለሁ። ዜሮን አይነካም መንገዱ።"
"ዳግም ዘር" ስትል ድምጿ በስሱ ተሰነጠቀ፤
ወደ ጋኑ ዞርኩ። ውርጩ የጣቷን ዱካ ይዞ ደረቀ።

ኢልዳር ከካዛን መጣ፣ እሷ ሰማንያ አንድ ሲሞላት፤
የብርሃን አለንጋ አለው፣ ሴኮንድን ለትሪሊዮን የከፈላት።
በናዮቢየም ስስ ቆዳ ላይ አንዴ ገረፈና
ጠበቀ። እኔ ቀዳሁ። ጥርሴ አልቋል፣ እጄ ግን ደህና።
ስክሪኑ ላይ አንድ ጉብታ፤ ሌላ ጉብታ፣ ያነሰች፤
ሌላ። ታይሲያ በበረዶ መንሸራተቻ ዱላዋ ተደግፋ ደረሰች።
መነጽሯን አወለቀች፤ በጥፍሯ ቆጠረች፤
አምስተኛዋ ላይ ቆየች።
ከዚያ መስመሩ ተቆርጧል።

"ለምን እዚህ ቆረጥከው?"
"ከዚህ ወዲያ ጫጫታ ነው፣ ታይሲያ ግሌቦቭና።"
"ጫጫታ ይደክመዋል። ሌሊቱን ሙሉ ልካው፤
ደጋግመህ ደምረው።"

ልጁ ሰዓቱን አየ። እኔን አየ።
እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ሄዷል።
ሁለተኛውን ጋን ከፈትኩ።