አሥራ ሰባተኛው

ሥራዬ ማንበብ ነው፣ የውሃ ቆጣሪ፤
ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ ከብሎክ ብሎክ ዟሪ።
ክዳኑን አነሣለሁ፣ ጭቃውን ጠርጌ፣
ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ።

በር የከፈተልኝ ሰው ሒሳቡን ሲፈራ
የኔ ዓይን አልጋ ሥር ነው፤ ከአሮጌ ጫማ ጋራ
የተጣለ ቀጭን ነገር፣ ጀርባው ቢጫ፣
ሰባት ቁልፍ የታተመበት፣ የድስት መቀመጫ።

ሰባት ቁልፍ አሳታሚ ከከሰመ ቆየ፤
ግቢው ጎሚስታ ነው፤ ስሙን ብጠራለት
ልጁ የጎማ ዓይነት መስሎት መጋዘኑን አየ።
ብዙ የኪስ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር፣ ሁሉም ስለ አንዲት ሴት፣
ባለ ሁለት ጥላዋ ወለላ፣ ነፋስ የምትጋልብ በሌሊት፣
ዘንዶ የምታልብ፣ ከጅብ ጋር ቁማር የምትጫወት፣
በየመጨረሻው ገጽ «ይቀጥላል» የተባለላት።
የመጨረሻው ቁጥር ሃያ አራት።

አራተኛውን ብሎክ ሠላሳ ሁለት፣ የአልጋ እግር ደግፎ አገኘሁት፤
ወይዘሮ ብዙወርቅ «አልጋዬስ?» ብትል በጡብ ስባሪ ተካሁት።
ዘጠነኛው ገላን፣ ጋራዥ ውስጥ፣
ሽፋኑን ዘይት የጠጣው፣ መሃሉን ምስጥ።
ለአሥራ ሁለተኛው አንድ ሙሉ ዶሮ ከፈልኩ፤ አላዘንኩም፤
ለሃያኛው ግን ዋሸሁ፤ ያንን እዚህ አልጽፈውም።

«የሚሸጥ ነገር ለምን አትሰበስቢም?» ይለኛል ወንድሜ ማስረሻ፤
እሱ ባዶ ጠርሙስ ከምሯል፣ እስከ ኮርኒሱ መዳረሻ።

ሌሊት ውሃ ሲመጣ፣ ጀሪካን እስኪሞላ
አንድ ገጽ አነባለሁ፤ ጀሪካን ስቀይር ሌላ።
እንዲህ እንዲህ ሃያ ሦስት ሞላ።
ቀረ አሥራ ሰባት፤
ቀረ የወለላ ሁለተኛ ጥላ።

በአሥራ ስድስት እኮ ሁለቱም ከኋላዋ ይከተሏታል፤
በአሥራ ስምንት ከእንቅልፏ ስትነሣ አንዱ ብቻ ቀርቷል፤
ማንም ምንም አይልም፣ ጅቡም ቁማሩን ይጫወታል።
ሸጠችው? ዘንዶው ዋጠው? ወይስ
ለሞተ ሰው አለበሰችው፣ ብርድ እንዳይደርስ?
ይህን ሳስብ ስንት ቆጣሪ ተሳስቼ አነበብኩ፣
ስንቱን ምስኪን ያልጠጣውን ውሃ አስከፈልኩ።

በመጨረሻ አቃቂ፣ ከድልድዩ ማዶ፣
ጋሽ ወንድይራድን አገኘሁት፣ ደጁ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ማልዶ።
የሰባት ቁልፍ ፊደል ለቃሚ ነበር፤ እርሳስ ያጠቆረው ጣት።
እሱ ፊደል ለቃሚ፣ እኔ መጽሐፍ ለቃሚ፤
ተያየን፣ እንደ ዘመድ ዓይነት።

«አሥራ ሰባት?» አለና ሳቀ፣ ሳሉ እስኪያቋርጠው ድረስ፤
«የለም፣ ልጄ። አልተጻፈም። ስለሌለ ነገር አይለቀስ።
ሌሊት ነበር፤ መብራት ሄደ፤ የሽፋኑን ቁጥር በሻማ ለቀምኩ፤
ከአሥራ ስድስት ቀጥሎ፣ እንቅልፌ መጣና፣ አሥራ ስምንት አልኩ።
ሺህ ቅጂ ከታተመ ወዲያ ማን ያርመዋል? ወረቀት ውድ ነው።»
«ጥላዋስ?» አልኩት።
«እሱን ደራሲው ረስቶት ነው። ሰው ነው።»

አልተናደድኩም። ተናደድኩ እንጂ፤ እስከ ቃሊቲ መናኸሪያ።
ከዚያ በእግሬ ሄድኩ፤ ጥላዬ ረዘመ፣ ካላለቀው አስፋልት መጀመሪያ።
አንድ ነው፤ ቆጠርኩት።
ቆጣሪ ማንበብ አይደል የኔ መተዳደሪያ?

ቤት ገባሁ። ከአሥራ ስድስትና ከአሥራ ስምንት መሃል
አንድ ጣት የሚያህል ክፍተት አለ፤ ስንት ዓመት ስጠብቅለት አቧራ ሞልቶታል።
ላጠጋጋቸው ብዬ እጄን ሰደድኩ።
መለስኩ። ይቆይ። ምን ይጎዳኛል?

በማግስቱ ብሎክ ሰባ ሥር፣ ከጉልቷ፣ ቆሎ ገዛሁ የአሥር ብር፤
የተጠቀለለበት ወረቀት ቢጫ ነው። ቆሎውን ኪሴ ገለበጥኩ፤ ቆሜ፣ ሳላፍር፣
ዘረጋሁት። ጥጉ ላይ ቁጥር አለው። ልቤ ዘለለ፤
የልጅ ሒሳብ ነበር፦ አሥራ ሰባት ሲካፈል ለሁለት፤
መልሱ ጋ ወረቀቱ ጎደለ።