ጽዋ ያነሣ

ባሕር ዳር ወደብ ላይ፣ ከመሰላሉ ሥር፣
ጠረጴዛ ሰጡኝ፣ ደብተርና ማኅተም፣ እስክሪብቶ በክር።
«ንጋት» የምትባል ባለ ሁለት ፎቅ መርከብ፣
ቱሪስት ልታዝናና፣ ሙሽራ ልታጅብ፤
ባለቤቱ ከላይ ግሮሰሪ ከፍቶ፣
ቢራውን ደርድሮ፣ ለስላሳውን ሞልቶ፣
ሕጉን ለጠፈልን፣ ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ቀይ ቀለም ቀብቶ፦

«ከውጭ መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው።
የታሸገ ውኃ ለአንድ ሰው አንድ ነው።
የሕፃን ወተት ግን እናቱ ከቀመሰችው ይለፍ።
ወይን ላመጣ ሰው፣ በጠርሙስ መቶ ብር ይጻፍ።»

ሕግ ሌላ ሰው ያወጣል፤ እኔ የማወጣው
ከዘንቢሉ ሥር ሰው የሸሸገውን ነው።
አንዱ ሚዜ በሃይላንድ ሞልቶ የማርቆስ አረቄ፣
«ውኃ ነው» አለኝ፤ አፍንጫዬ መለሰልኝ ገና አንድ ጊዜ ጠይቄ።
አንዷ ጠጅ በጡጦ ይዛ፣ ሕፃን የሌለበት፣
«ልጁስ የታል?» ብላት፣ «ይወለዳል» አለች፣ ሳይነካት ኃፍረት።

ኅዳር ሚካኤል ጧት
ወይዘሮ ጥሩአይነት ገንቦ እንደ ልጅ አዝላ፣
አፉን በኮባ ከድና፣ በነጠላ ጠቅልላ።
«ምንድን ነው?» አልኋት። «ጽዋ ነው። ተራው የኔ ነው ዘንድሮ፤
ደቅ ላይ ይጠብቁኛል፣ ማኅበሩ ተሰብስቦ አድሮ።»
ደብተሬን ገለጥሁ። የገንቦ መደብ የለበትም።
በወይን ሒሳብ መታሁት፦ አርባ ጠርሙስ፣ አራት ሺህ። ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም።

መርከቧ ጡሩምባ ነፋች።
አያ ገደፋው፣ ጡረታ የወጣ ዳኛ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣
ከሰልፉ ወጣና ቀይዋን ቃል በከዘራው ጠቅ አድርጎ፦
«‹ይዞ› ነው የሚለው። መያዝ በእጅ ነው፣ በትከሻ።
ጠጥቶ መግባትን ማን ከለከለ? ሆድም ልትፈትሽ ነው መጨረሻ?»

ሴትዮዋ ገንቦዋን ድንጋይ አስደግፋ አወረደች፤
ጣሳ ከጉያዋ። «ደጁም የሚካኤል ነው» አለች።
መካኒኩ ጠጣ፣ በዘይት እጁ ጣሳውን አቅፎ፤
ሎተሪ አዟሪው ጠጣ፣ ዕጣውን በብብቱ ወትፎ፤
ሁለት ፈረንጆች ጠጡ፣ ጌሾው ፊታቸውን አጣጥፎ።
ዞሮ ዞሮ መጣ ጣሳው ከኔ ጠረጴዛ።
ማኅተሜን ገፋ አደረግሁ። ጧት ነበር፤ ብርዱም እንደዛ።
ወፈር ያለ ነው፣ ጢስ ጢስ የሚል፤
እሷም ከጣሳው ጠርዝ በላይ ዓይኗን ዓይኔ ላይ ስትጥል
አየሁ፤ ምን እንዳሰበች ግን አላወቅሁም።
ገንቦው ተገልብጦ ተፈተሸ፤ ከአተላ በቀር ምንም።
«ባዶ ዕቃ፣ አንድ» ብዬ ጻፍሁ። ክፍያ የለበትም።

እኔም ተሳፈርሁ ያን ቀን። ከዘጌ ወዲያ ነፋስ መጣ፤
ጣና ራሱ ዘልሎ ገባ፣ ቲኬት ሳይቆርጥ፣ ከየት እንደመጣ ሳይጠየቅ፣ ወለሉን ሞልቶ ተቀመጠ።
ባለቤቱ ባልዲ ይዞ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ሮጠ።
«ከውጭ የመጣ ነው፤ በስንት ልምታው ጌታዬ?» አልሁት።
አልሳቀም። የውስጡን ሰሌዳ ቀይ ቀለሙን አጠበው ውኃው፤
ከ«ክልክል» ውስጥ «ክል» ብቻ ቀረው።

ደቅ ስንደርስ ማኅበርተኛው ከዳሩ ቆሞ፣
ገንቦዋን ቢቀበሏት ቀለለች። ዝም አሉ። ደግሞ
«ጽዋውስ?» አለ ሙሴው።
«ይኸው» አለች፣ ወደኛ ጠቁማ፣ «በእግሩ መጣ፣ አርባ ጠርሙስ።»
ሙሴው ቆጠረን አንድ በአንድ፣ ከፈረንጁ እስከ ዳኛው ድረስ።
«መጨረሻ ጣሳውን ያነሣ ማነው?» ሁሉም ወደኔ ዞረ።
«እንግዲያ ጽዋ አነሣህ፤ የከርሞ ተራ ባንተ አደረ።»

አሁን ሐምሌ ነው። ገብስ ገዝቻለሁ፤ ገንቦው በብድር።
ጠረጴዛው እዚያው ነው፣ እስክሪብቶው በክር።
ኅዳር ሲደርስ ጧት፣ በትከሻዬ ተሸክሜ፣
ከሰልፉ ጋር እጠጋለሁ፣ መሰላሉ ሥር ቆሜ፤
ከዚያ ዞሬ እቀመጥና፣ ደብተር ገልጬ፣
«ምንድን ነው?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ጣሳ ይዛችሁ ኑ።