መዝገብ 41/79

ጡረታ ወጥቼ ስድስት ክረምት ሄደ፤
እጄ ግን ይኸው ነው፣ ቀይ ክር ለመፍታት እንደለመደ።

አርባ አንድ ስላሽ ሰባ ዘጠኝ። ወረዳ፦ አቃቂ።
ሟች፦ አምስት ሴቶች። ገዳይ፦ ባዶ ቦታ። ምስክር፦ አንድ ጠባቂ።
ሁሉም የማታ ፈረቃ፣ ከፈትል ክፍል የወጡ፣
ጥጡ ከጸጉራቸው ሳይራገፍ፣ ድልድዩ ስር ተደግፈው የተቀመጡ።
ዘርፌ። ሎሚ። ሽታዬ። አያንቱ።
አምስተኛዋ፦ «ሴት፣ ዕድሜ ሃያ ገደማ»፤
ስሟን የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አልመጣማ።

ፊልም አይቶ የመጣው የልጄ ልጅ «ለምን አልተያዘም?» ይለኛል፤
ከየቱ ልጀምርለት? የምክንያቱ ብዛት ያፍነኛል።

ሬሳው ከወንዙ ወዲህ፣ ቤታቸው ከወንዙ ወዲያ፤
ሁለት ጣቢያ ተጻጻፈ፣ «እናንተን ይመለከታል» እያለ፣ እስከ ሚያዝያ።
በሚያዝያ አራተኛዋ ተገኘች።

ፎቶ አንሺው ፊልም አልቆበት፣ አሻራ አንሺው ሰሜን ዘምቷል፤
የጫማውን ዱካ፣ ሊያይ የወጣው መንደር በሙሉ ረግጦታል።
ዘበኛው ጉርሜሳ ብቻ ቃሉን ሰጠ፦
«ሰው አላየሁም፤ ሰንሰለቱ የሚያላምጥ ብስክሌት ነው ድልድዩን ያቋረጠ።»
መርማሪው ሳቀ። «አቃቂ ሙሉ ብስክሌት ነው» ብሎ ጻፈ፤
መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ ግማሹ ገጽ ሱቅ ውስጥ ኦቾሎኒ ተጠቅልሎበት አለፈ።

የተረፈውን ሰብስቤ በክር አሰርኩት።
ወንዙ ዛሬ የፋብሪካ ቀለም ይጎትታል፣ ድልድዩንም በኮንክሪት ቀየሩት፤
ዳሩ ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፣ ልብስ ይሰጣል በየሰገነቱ፣
ማንም አይጠይቅም ምን እንደነበረ መሠረቱ።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። አንዷን ግን ዋጥኳት።

በየዓመቱ፣ ሚያዝያ ሲገባ፣ አንድ ሰው ይመጣ ነበር፤
ኮፍያውን አውልቆ፣ ትሁት፣ ከመስኮቴ ስር።
«መዝገቡ ከምን ደረሰ?» ድምፁ እንደ ሐዘንተኛ ዝግ ያለ፤
«ገና ነው» ስለው በረጅሙ ተንፍሶ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» እያለ።
ወንበር እሰጠው ነበር። አንዴም ሻይ ጋበዝኩት፤
የሱሪው የቀኝ እግር በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ፣ ግራሶ ነክቶት አየሁት።
አዘንኩለት። ወንድም መሰለኝ፣ ወይ የአምስተኛዋ እጮኛ፤
እንዲህ ያለ ታጋሽ፣ እንዲህ ያለ ብቸኛ።

አስራ አንድ ሚያዝያ መጣ። ከዚያ ቀረ።
የጠየቀኝን ሁሉ መለስኩለት፤
«አንተስ የማን ነህ?» ብዬ
አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩትም።