የማክሰኞዋ ነጥብ

ስልክ ያነሳ ሁሉ የመጀመሪያ ቃሉ
«የት ነሽ?» ነበር ድሮ፤
መልሱም «ደርሻለሁ፣ በር ላይ ነኝ» ነበር
ሳሙናው ሳይለቅ ከራስ፣ ከጆሮ።
ያቺ ትንሽ ውሸት፣ ያቺ አምስት ደቂቃ
የሰው ልጅ ጓዳ ነች፣ የሰው ልጅ ጓሮ።
ዛሬ «የት ነሽ?» የሚል ጠያቂ የለንም፤
መልሱ ቀድሞ ሄዷል፣ ከኪሳችን በርሮ።

ፖርቶ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ
ነጥብ እሸጣለሁ።
በየጎዳናው እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስ ቀይ ነጥብ
ሌሊት እቆጥራለሁ፤
ሲነጋ ለጫማ ሻጭ፣ ለባንክ፣ ለማላውቀው ሰው
አስረክባለሁ።
አለቃዬ አንሰልሞ፣ ክብሪት በጥርሱ ነክሶ፣
«ስሙን ፍቀነዋል» ይላል፤
«ቁጥር አያፍርም፣ ቁጥር አይቆጣም፤
ማን ተበድሏል?»

እውነቱን ነው፤ ስም የለም።
አልጋውን ግን ማንም አልፋቀም።
ነጥብ ሁሉ ሲመሽ አንድ ደጅ ያንኳኳል፣
አንድ ትራስ አለው፣ እዚያ ያንቀላፋል።
ማታ የሚያድርበት፣ ቀን የሚውልበት፣
በየሳምንቱ ሐኪም የሚጠብቅበት፦
ከዚህ ሌላ ሰው ምን ስም አለው?

ዝናቡ በበረታ ሰሞን ነው ያየኋት፤
አንዲት ነጥብ፣ ቁጥሯ በአርባ ሰባት የሚያልቅ፣
ሌሊት የምታድረው ከደረጃው አናት
ሰማያዊ ሸክላ የለበሰ ቤት ውስጥ።
ያንን በር አውቀዋለሁ። ማጠፊያው ሲያቃስት
ዘይት የቀባሁት ልጅ ሆኜ ነው፣ እኔው።
እናቴ ናት።
ዜፈሪና፣ ሰባ አንድ ዓመቷ፣ ጉልበቷን የሚያማት፤
«ብትወድቂ እንኳ ትደውያለሽ» ብዬ
ስልኩን የገዛሁላት፣ ካንገቷ ያሰርኩላት።

«ማክሰኞ ማክሰኞ ቤተ ክርስቲያን ነኝ፣
መቁጠሪያ እደግማለሁ» ትለኛለች፤
ነጥቧ ግን ቁልቁል ወርዳ
(ያን ሁሉ ደረጃ፣ በዚያ ጉልበት!)
ድልድዩን ትሻገራለች፤
ከወይን መጋዘኖቹ ጀርባ ታጥፋ
አንድ ቤት ትገባለች።
ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ።
ስትመለስ ድልድዩ መሃል ትቆማለች፤
ምን አይታ? ታለቅስ ይሆን? ትስቅ ይሆን?
ነጥብ ፊት የላትም።

ጣቴ ተንቀጠቀጠ። አንዴ ብነካው
ምስሉ ይሰፋል፤ ደጁን፣ መስኮቱን፣
የማን ቤት እንደሆነ ይነግረኛል ካርታው።
እሷ ግን ዘጠኝ ወር ሆዷ ውስጥ ስዞር
«ወዴት ነው?» አላለችኝም።
ስክሪኑን አጠፋሁት።

እሁድ ዓሣ ጠበሰች። እሾህ እየለቀመች
«ማክሰኞ ቤተ ክርስቲያኑ እንዴት እንደሚበርድ!» አለች።
«ሹራብ ደርቢ» አልኳት።
እሷ ዋሽታ አላፈረች፤
እኔ እውነቱን ይዤ አቀረቀርኩ።

ግድግዳ ጆሮ አለው ሲሉን ሹክ እንል ነበር፤
ኪስ ዓይን ሲያወጣ
እግር በምን ሹክ ይላል?
ጥላ እንኳ ሲጨልም ጌታውን ይተዋል።

ስወጣ፣ «እማ፣ ይሄ ስልክ ዝናብ አይወድም» አልኳት፤
«ማክሰኞ ማክሰኞ ቤት አስቀምጪው።»
ረጅም አየችኝ። ከዚያ የካፖርቴን ቁልፍ
እንደ ልጅነቴ እስካንገቴ ቆለፈችው።

ማክሰኞ። አርባ ሰባት ከቤቷ አልወጣችም።
ጠረጴዛው ላይ፣ ከሎሚው ሳህን ጎን ይመስለኛል፣
ቀላ ብላ ተቀምጣለች።
አንሰልሞ በትከሻዬ በኩል አጎንብሶ
«ይቺ ምን ሆነች?»
«ተኝታለች» አልኩት።

ውጭ ይዘንባል። የሆነ ቦታ አንዲት ሴት
ካርታ በማያውቀው መንገድ ትሄዳለች።
ደረጃው ርጥብ ነው፤ ጉልበቷን ፈራሁላት።
«የት ነሽ?» ልላት ቁጥሯን ነካክቼ ተውኩት፤
ቢጮህም የሚሰማው
ሎሚው ብቻ ነው።